ባለ ቀይ ጉጥ የባሕር ኮከብን በአሸዋ ዳርቻ ለይቶ ማወቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

ከሞምባሳ ወይም ከዛንዚባር የተመለሱ ሰዎች የባሕር ኮከብ ፎቶ እየላኩ "ይህ ምን ዓይነት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛው ፎቶ መልስ አይሰጥም። አንዱ በቀጥታ ከላይ የተነሣ ስለሆነ ጎኑ አይታይም፤ ሌላውን የውኃው ነጸብራቅ ሸፍኖታል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ኮከቡ በእጅ ተይዞ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀለሙን ብቻ አይቶ ኢንተርኔት ላይ የመጀመሪያውን ተመሳሳይ ምስል ይዞ "አገኘሁት" ማለት ነው። የባሕር ኮከብ ቀለም ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ይለያያል፤ እንደ ውኃው ጥልቀትም ለዓይን ይለወጣል። ስለዚህ እዚህ ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚታየው የአካሉ አሠራር ነው።

መመሪያው የሚሠራው በምሥራቅ አፍሪካ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው፦ በኬንያ፣ በታንዛኒያና ዛንዚባር፣ በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካርም ጭምር። የምንፈልገው በሳይንስ ስሙ ፕሮቶሪያስተር ሊንኪ የሚባለውን ነው። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ አካል፣ በላዩ ላይ ደማቅ ቀይ ጉጦች፣ ጉጦቹን የሚያያይዙ ቀይ መስመሮች አሉት። ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አሸዋና የባሕር ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ሳይጠልቁ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል።

ጅዳ፣ ምጽዋ ወይም ኤላት ያላችሁ፣ ቀይ ባሕር የራሱ ዝርያዎች ስላሉት ከታች ያለውን የዝርያ ዝርዝር እንዳለ አትውሰዱ። የምልከታውና የፎቶ አነሣሡ ሥርዓት ግን እዚያም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ስለሚሄድ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያሟላ ምንም አያይም።

1. ሙሉ ጨረቃ ከሆነች ወይም አዲስ ጨረቃ ከተወለደች በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ቀናት ምረጡ። ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ያን ሰሞን ነው። በሞምባሳና በዛንዚባር በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ያኔ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ጨረቃ በግማሽ ስትሆን ግን ውኃው ብዙም አይሸሽም።

2. የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ በስልካችሁ አውርዱ ወይም ያረፋችሁበትን ሆቴል ጠይቁ። በእነዚህ ዳርቻዎች በዚያ ሰሞን ትልቁ ሽሽት ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ግድም ነው። ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ ለፎቶም ይመቻል።

3. ሰዓቱን አጣሩ። ይህ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ዛንዚባር አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሰዓታችሁን አትነኩም፤ ሠንጠረዡ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 10፡30 ካለ ከጠዋቱ 4፡30 ማለት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ "ሳ ንኔ አሱቡሂ" ካላችሁ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ "አራት" ካላችሁ ግን የትኛውን አራት እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ። የስድስት ሰዓት ስሕተት ባሕሩ ከሸሸበት ወደ ሞላበት ሰዓት በቀጥታ ይወስዳችኋል።

4. ሽሽቱ ጫፍ ከሚደርስበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ መሄድ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ የሚያዙ ነገሮች

ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ እግር የሚሸፍን ጫማ የግድ ነው። ሸበጥ አይሆንም፤ በአሸዋው ውስጥ ይቀራል፣ የእግር ጣትንም አይሸፍንም። የባሕር ጃርት ጥቁር እሾህ እግር ውስጥ ሲሰበር ማውጣቱ ከባድ ነው። አሸዋና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ ድንጋይ ዓሣ የሚባልም አለ፤ እሾሁ ኃይለኛ መርዝ አለው።

ስልካችሁን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ውኃ የማያስገባ ማቀፊያ ውስጥ አድርጉ። በፌስታል ጠቅልዬ እወስዳለሁ አትበሉ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ ታንዛኒያ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል። ማቀፊያውን ከመነሣታችሁ በፊት ወረቀት ከትታችሁበት ውኃ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ፈትሹት።

በተጨማሪ አንድ የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ ያዙ። ነጸብራቅ የሚቆርጥ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ውኃው ውስጥ ያለውን ለማየት በጣም ይረዳል። የፀሐይ ክሬም በእጃችሁ መዳፍ ላይ አይቅር፤ ከክሬሙ ይልቅ ሸሚዙ ይሻላል።

ደረጃ 3፦ አካሄድ

1. ደረቁ አሸዋ ላይ አትፈልጉት። የምትፈልጉት ቦታ ባሕሩ ሲሸሽ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ ውኃ የሚቀርበት፣ ነጭ አሸዋና የባሕር ሣር የተቀላቀለበት ነው። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ በኬንያ ዲያኒና ዋታሙ እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ አላቸው።

2. እግራችሁን ባዶ አሸዋ ላይ አሳርፉ። ሣሩ ላይ አትርገጡ፤ የባሕር ጃርቱም፣ ትንንሾቹ የባሕር ኮከቦችም የሚደበቁት እዚያ ነው። እግራችሁን ሳታነሡ አሸዋውን እየጎተታችሁ ብትሄዱ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ፣ በጅራቱ እሾህ የሚወጋ ጠፍጣፋ ዓሣ (ስቲንግሬይ) ቀድሞ ይሸሻል።

3. በየጥቂቱ ቆማችሁ ወደ ኋላ ተመልከቱ። ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፦ ውኃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ በቦዮቹ ገብቶ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላል። ስለዚህ የመመለሻ ሰዓታችሁ ሽሽቱ ጫፍ የሚደርስበት ሰዓት ነው። "ገና ነው፣ ውኃው አልመጣም" ብላችሁ አትቆዩ። የማታውቁት ቦታ ከሆነ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

የአካባቢው ሰው እንዲያሳያችሁ ከፈለጋችሁ "ኪቲ ቻ ፕዌዛ" ብላችሁ ጠይቁ፤ በስዋሂሊ የባሕር ኮከብ ነው። ቶሎ ብሎ አንሥቶ እጃችሁ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ለቱሪስት ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚደረገው እሱ ነው። "ሃፓና፣ አሳንቴ፤ ምዋቼ ማጂኒ" በሉት፦ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ውኃው ውስጥ ተወው። ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ ሳያነሣ ላሳያችሁ ሰው ስጡ፤ የሌላ ቀኑ አሠራሩ የሚለወጠው በዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ ሳትነኩ ቅረቡ

የባሕር ኮከብ የሚተነፍሰው በቆዳው ላይ ብቅ ብቅ በሚሉ ለስላሳ መተንፈሻዎችና ከሥሩ ባሉት ትንንሽ የቱቦ እግሮች አማካይነት፣ አየሩን ከውኃው እየወሰደ ነው። ከውኃ ሲወጣ መተንፈስ ያቅተዋል። "ለአንድ ደቂቃ ብቻ" የሚባለው ነገር ከኋላችሁ የሚመጣው ሰውም የሚለው ስለሆነ፣ አንዱ ኮከብ በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አስቡት። ለመለየት ደግሞ ማንሣት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጉት ምልክቶች ሁሉ ከላይና ከጎን ይታያሉ።

ፀሐይ በጎናችሁ እንድትሆን ቁሙ። ውኃው ካልተናወጠ ቀስ ብላችሁ ተንበርከኩ። የነቃነቃችሁት አሸዋ እስኪረጋ ጠብቁና የአንዱን ክንድ ጫፍ ተመልከቱ። ሲንቀሳቀስ ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ይላል፤ ከሥሩ ቀጫጭን የቱቦ እግሮች ወጥተው ውኃውን ይዳስሳሉ፤ እጅግ ጫፉ ላይ ደግሞ ጨለማና ብርሃን የምትለይ ቀይ የዓይን ነጥብ አለች። ከጉጦቹ መካከል ያለው ቆዳ በብናኝ የተሸፈነ ይመስላል፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ውኃው ውስጥ የሚወዛወዙ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ጣቶች ናቸው። መተንፈሻዎቹ እነሱ ናቸው። ከተነኩ ወዲያው ስለሚሰበሰቡ አትንኳቸው።

ደረጃ 5፦ አምስት ፎቶ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

1. አካባቢውን፦ አሸዋ ነው፣ ሣር ነው፣ ኮራል ነው?
2. ሙሉ አካሉን ከላይ፣ የሁሉም ክንዶች ጫፍ እንዲታይ አድርጋችሁ።
3. ከጎን፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ። የጉጦቹ ቁመት የሚታየው እዚህ ብቻ ነው።
4. የአንድ ክንድ የመጨረሻ ሢሶ፣ በቅርብ። ይህን ፎቶ አትዝለሉ። ሌሎቹ አራቱ ተበላሽተው ይህ ቢተርፍ ይሻላል።
5. ማስመሪያውን አጠገቡ አሸዋ ላይ አስቀምጣችሁ ሙሉውን። ላዩ ላይ አታስቀምጡ።

ነጸብራቅ ካስቸገረ ጓደኛችሁ በሰውነቱ ጥላ ይጣልበት። የስልኩን ሌንስ ውኃው ውስጥ ማስገባት ከቻላችሁ ነጸብራቁ ጨርሶ ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ አካሉን አንብቡ

ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል መልሱ። አንዱን ሳትመልሱ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ።

ሀ. ክንዶቹ ስንት ናቸው?

አምስት ከሆኑ ቀጥሉ። ስምንትና ከዚያ በላይ ሆነው አካሉ በረጃጅም ስለታም እሾህ ከተሸፈነ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ኮራል የሚበላው ባለ እሾህ አክሊል ኮከብ ነው፤ እሾሁ መርዛማ ነው። የሚገኘው በአብዛኛው ኮራል ላይ እንጂ ባዶ አሸዋ ላይ አይደለም። አራት ወይም ስድስት ክንድ ያለው አንዳንዴ ያጋጥማል፤ የተቆረጠውን መልሶ የሚያበቅል እንስሳ ስለሆነ አንድ ክንድ አጥሮ ብታዩት ሌሎቹን ተመልክታችሁ ወስኑ።

ለ. ክንዱ ከመሐሉ ምን ያህል ይርቃል?

በዓይናችሁ ሁለት መስመር ለኩ፦ ከመሐል እስከ ክንዱ ጫፍ፣ ከመሐል እስከ ሁለት ክንዶች መገናኛ ጎድጓዳ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ሁለት እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ክንዱ ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ጫፉ የሚሾል ከሆነ መንገዳችሁ ትክክል ነው። ሁለቱ መስመሮች እኩል ሊሆኑ የቀረቡ፣ ክንዱ ብዙም የማይታይ፣ አምስት ማዕዘን ያለው ድፎ ዳቦ የመሰለ ከሆነ ኩልሲታ የሚባለው ነው። ክንዱ ረጅም፣ ድቡልቡልና ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ያለው፣ ጉጥ የሌለው ከሆነ ሊንኪያ ነው፤ ደማቅ ሰማያዊው በብዛት የሚታወቀው ነው።

ሐ. ከፍ ያለ ነው ወይስ ጠፍጣፋ?

የጎን ፎቶውን እዩ። ባለ ቀይ ጉጡ መሐሉ ከፍ ያለ፣ ጠንካራ አካል ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ላይ በሙሉ እሾህ እንደ ጥርስ ከተደረደረበት፣ አሸዋ ውስጥም የተቀበረ ከሆነ አስትሮፔክተን ነው። የቱቦ እግሮቹ ሹል ናቸው፤ መጥመጫ የላቸውም። ከዚህ ወገን አንዱ አስትሮፔክተን ፖሊአካንተስ ውስጥ በጃፓን ቴትሮዶቶክሲን የተባለው ኃይለኛ መርዝ ተገኝቶበታል፤ ሕፃናት አፋቸው እንዳያስገቡት ተጠንቀቁ።

መ. ጉጦቹ የት የት ናቸው?

በባለ ቀይ ጉጡ ላይ ትልልቆቹ ጉጦች መሐሉን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ክንድ ጀርባ መሐል ለመሐል በአንድ ረድፍ ወደ ጫፉ ይወርዳሉ። ከዚህ ረድፍ ግራና ቀኝ ያለው የክንዱ ጀርባ ብዙ ጊዜ ትልቅ ጉጥ የለውም።

ጉጦች በክንዱ ጀርባ በብዙ ረድፍ ከተበተኑ ሌላ ወገን ነው፦ ፔንታሴራስተር። ይህ በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብም በቀይ ባሕርም አለ፤ ቀለሙ አረንጓዴም፣ ብርቱካናማም፣ ቀይም ሊሆን ይችላል። "ባለ ቀይ ጉጥ" ተብለው ከሚላኩ ፎቶዎች መካከል በብዛት የሚያምታታው እሱ ስለሆነ ረድፎቹን በርጋታ ቁጠሩ።

ሠ. በክንዱ ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ስትጠጉ፣ ወደ ጎን የወጣ እሾህ አለ?

ቁርጡ የሚለየው እዚህ ነው። አራተኛውን ፎቶ አውጡ። የፕሮቶሪያስተር ሊንኪ ክንድ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ከሁለቱም ጎን ወደ ውጭ የሚያመለክቱ ሹል እሾሆች አሉት፤ ከክንዱ ጠርዝ ወጥተው በአሸዋው ላይ ይታያሉ። የቅርብ ዘመዱ ፕሮቶሪያስተር ኖዶሰስ እነዚህ የጎን እሾሆች የሉትም፤ የጀርባ ጉጦቹም ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የሚገኘው የእሱ ምስል ስለሆነ ሰው በቀላሉ ያምታታዋል።

ደረጃ 7፦ አሁን ቀለሙን እዩ

ከሀ እስከ ሠ ያሉት ከተስማሙ ቀለሙ ማረጋገጫ ይሆናል። አካሉ ግራጫ፣ ክሬም ወይም ነጭ፤ ጉጡ ቀይ፤ ከጉጥ ወደ ጉጥ የሚሄደው ቀይ መስመር በመሐሉ ላይ የመረብ ቅርጽ ይሠራል። ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ቢያደላ አትደንግጡ። አካሉ ከተስማማ ቀለሙ ትንሽ ቢርቅ ይሁን፤ ቀለሙ ተስማምቶ አካሉ ካልተስማማ ግን እሱ አይደለም።

ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያያችሁት ከሆነ ተጠንቀቁ። ውኃ ከሁሉ ቀድሞ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው፤ ጥቂት ሜትሮች ወረድ ሲባል ቀዩ ጉጥ ቡናማ ይመስላል። ባትሪ አብሩበት፣ ቀይነቱ ይመለሳል።

ደረጃ 8፦ መዝግቡና አስረጋግጡ

ቦታውን፣ ቀኑን፣ የውኃውን ጥልቀት፣ መጠኑንና ከደረጃ 6 የሠራችኋቸውን መልሶች ጻፉ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት፤ የሚያነበው የሌላ አገር ሰው ነው። ከዚያ አምስቱንም ፎቶ አይናቹራሊስት በተባለው፣ ሰዎች ያዩትን ፍጥረት መዝግበው በሚለዩበት ነፃ መተግበሪያ ላይ በአንድ ምልከታ ሥር ጫኑ። መተግበሪያው ራሱ የሚያቀርበውን ስም ወዲያው አትቀበሉ፤ ከጠርዝ እሾሁ ጋር አስተያዩት። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እስከ ፕሮቶሪያስተር ብቻ ጽፋችሁ ተዉት፤ የተሳሳተ ሙሉ ስም ከመስጠት ትክክለኛ ግማሽ ስም ይሻላል።

ሲበላሽስ?

ኮከቡ ተገልብጦ ካገኛችሁት፦ ውኃ ውስጥ ከሆነ ተዉት። ክንዱን አጥፎ በራሱ ይገለበጣል፤ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ይችላል። እስከዚያ የሥሩን ፎቶ አንሡ፤ አፉና ከአፉ ወደ ክንዶቹ የሚሄዱት የቱቦ እግር ቦዮች የሚታዩበት ዕድል ነው።

ደረቅ አሸዋ ላይ ቀርቶ ካገኛችሁት፦ እጃችሁን በባሕሩ ውኃ አርጥቡ፤ በሁለት እጅ ከመሐሉ ሥር ደግፋችሁ፣ ክንዱን ሳትስቡ፣ ቅርብ ወዳለው ጉልበት የሚደርስ ውኃ ውሰዱት፤ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አሸዋው ላይ አሳርፉት። አትወርውሩ።

እጃችሁን ከጠመጠመ ወይም ድንጋይ ላይ ከተጣበቀ፦ አትጎትቱ። የቱቦ እግሮቹ ይቆረጣሉ። ውኃው ውስጥ አቆዩት፣ ሲረጋጋ ራሱ ይለቃል።

ትንሽ ከሆነና ምልክቱ ካልተለየ፦ በልጅነቱ ጉጡም እሾሁም አላደገም። መጠኑን መዝግቡ፣ ስም አትስጡት።

የባሕር ጃርት፣ ባለ እሾህ አክሊል ወይም ድንጋይ ዓሣ ከወጋችሁ፦ ወዲያው ከውኃ ውጡ። የተወጋውን ቦታ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ፣ መቻል በሚቻል ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩ። ሙቀቱን መጀመሪያ ባልተወጋው እጅ ለኩ፤ ሕመሙ ስላደነዘዘ ሌላ ቃጠሎ እንዳይጨምር። ላዩ ላይ የሚታየውን እሾህ በመቆንጠጫ አውጡ፤ ጠልቆ የገባውን አትቆፍሩ። ድንጋይ ዓሣ ከሆነ፣ ወይም መተንፈስ ከከበደ፣ ማስታወክ ከመጣ ወይም እብጠቱ ከተስፋፋ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ።

ሻጭ የደረቀ ኮከብ ካቀረበላችሁ፦ አትግዙ። ሲደርቅ ቀለሙ ስለሚደበዝዝ ለመለየትም አይረዳም። ከዳርቻው ያገኛችሁትንም ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በተቋቋሙት የዋታሙና የማሊንዲ የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ሕይወት ያለውንም የሞተውንም የባሕር ፍጥረት ማውጣት ክልክል ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይም ሊያስጠይቃችሁ ይችላል።